የምድር ቤቱ መዝገብ

ሊችተንስታይን ናት፤ ስሟ ካገሯ ይረዝማል፤
ካርታ ላይ ካጣችኋት፣ ጣታችሁ ሸፍኗታል።
ባልዘርስ ላይ ነው ሜዳው፣ ከራይን ወንዝ አጠገብ፤
በረኛው ሲለጋ ኳሷን ያለ ገደብ፣
ወንዙን ትሻገርና ስዊስ ላይ ታርፋለች፤
ፓስፖርት ጠያቂ የለ፣ ዝም ብላ ታልፋለች።
ኳስ አቀባዩ ልጅ ብስክሌቱ ላይ ወጥቶ
ይመለሳል ቶሎ፣ ውጭ አገር ደርሶ መጥቶ።

ስምንት አገር ጠርታ ለታዳጊ ዋንጫ
አልበቃ ቢላት መኝታ፣ አልበቃ መቀመጫ፣
የቤተ ክርስቲያኑን አግዳሚ በትከሻ አምጥተው
ከጎሉ ጀርባ ደረደሩት፣ ሣር ላይ አስቀምጠው።
ትኬት ትቆርጣለች የበረኛው እናት፤
ሜዳውን በኖራ ያሰመረው ጥርስ ሐኪም ነው በውነት፤
እኔም፣ ከትምህርት ቤቱ ምድር ቤት አድሬ፣
የስምንት አገር ላብ ተረከብኩ ቆጥሬ።

አንድም ጨዋታ አላየሁ፤ ሥራዬ መች ለቆኝ!
ግን ማልያ አይዋሽም፣ ሁሉን ነው የነገረኝ፦
ቁምጣው ሣር የነከሰው ተንሸራቶ ነጥቋል፤
ኮሌታው የተዘረጠጠው አምልጦ ሲሮጥ ወድቋል፤
ወንበር ሲያሞቅ የዋለም አለ፣ ማልያው እንደታጠፈ፤
እሱንም አብሬ አጠብኩት፣ ልክ እንደተሰለፈ።

የመጀመሪያው ቀን ሰባት ለዜሮ አለቀ።
የፍሎሪን ማልያ፣ ግራ ጎኑ ቀኝ ጎኑ፣ በጭቃ ደረቀ።
ማታ ራሱ መጣ፤ አሥራ ስድስት ዓመቱ፤
ቁመቱ ሰው አክሎ፣ ገና ልጅ አንደበቱ።
«ሳሙናዎን ይቆጥቡ፤ ነገም ያው ነው» አለ።
ምን ልበለው? ማሽኑ ስለ እኔ አጉረመረመ፣ ቀጠለ።
አጠገቤ ቁጭ ብሎ ካልሲ ከጥንዱ ለየ፤
የነዚያን፣ የባለ ሰባቶቹን፣ ነጭ ማልያ አየ፣ አየ፣
ምንም ሳይተነፍስ ወጣ።

ልማል፤ ሆን ብዬ አይደለም። ሌሊት ነው፣ ዐይኔ ደክሟል፤
አንድ ቀይ ካልሲ፣ የእኛዎቹ፣ ከማሽኑ ሆድ ቀርቷል።
ጠዋት ከፍቼ ባየው፣ ያ በረዶ የመሰለ
ሃያ ማልያ በሙሉ እንደ ሕፃን ድድ ቀልቷል።

አሰልጣኙ ጮኸ። አስተርጓሚው አለሳለሰ።
ቅያሪ ማልያ የለም፤ ሰዓቱም ደረሰ።
ታላቋ አገር ወጣች፣ ሮዝ ለብሳ፣ ወደ ሜዳ፤
ከቤተ ክርስቲያን አግዳሚ ላይ ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ።
ቢሆንም አሸነፉ፤ ሮዝ ቀለም እግር አያስር።
ሳቅ ደግሞ ነጥብ የለውም፤ እኛ ከሠንጠረዡ ሥር።

ሦስተኛው ቀን ነበር። ማሽኑ አጥቦ ዝም ሲል
ከጣሪያዬ በላይ ሰማሁ ናዳ የመሰለ ቃል።
ጎል ነው!
ማን እንዳገባት ማታ ማልያው አወራኝ፤
አሥራ አራት ቁጥር ነው፤ ወደ መብራት አስጠጋሁት፣ ጀርባውን አሳየኝ፦
ጣት በጣት፣ ጭቃ በጭቃ፣ የአሥር ልጅ መዳፍ፤
አንዱ ግን የጓንት ነው፣ ሰፊ፣ ከትከሻው ጫፍ።
ሜዳውን በሙሉ፣ ጎሉን ባዶ ትቶ፣
ሮጧል ማለት ነው ፍሎሪን፣ ሊነካው ጓጉቶ።

አራት ለአንድ ነው ያለቀው። አራቱ የነሱ።
እንግዶቹ ሄዱ፤ አግዳሚዎቹም ወደ ቅዳሴ ተመለሱ፤
እሑድ የተቀመጠ ሁሉ ቀሚሱ ሣር ሣር ሸተተው፤
ቄሱም አልተቆጡ፣ አሉ፤ ፈገግታቸውን ዋጥ አድርገው።

እኔ ያችን ማልያ ይዤ ማሽኑ ፊት ቆምኩኝ።
ሥራዬ ማጠብ ነው፤ ለዚህ ነው የቀጠሩኝ።
በሩን ከፈትኩት። ዘጋሁት። እንደገና ከፈትኩኝ።
ከዚያ በጥንቃቄ፣ ጭቃው እንዳይረግፍ፣ አጠፍኩኝ፤
መዝገቡ ላይ «አሥራ አራት ቁጥር፣ ታጥቧል» ብዬ
ፈረምኩኝ።